ግሡ የት ይቀመጥ? አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ክሊንጎን በአንድ ማዕድ

ፔታህ ቲክቫ፦ አያት «ልጁ እንጀራ በላ» ትላለች። የልጅ ልጇ በዕብራይስጥ አስቦ በአማርኛ ሲናገር «ልጁ በላ እንጀራ» ይላታል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተቀያየረው ቦታቸው ነው። በከተማዋ እዚህ ያደጉ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለው አማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ትልልቆቹም «ገለበጥከው እኮ!» ብለው ይስቃሉ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ «እንጀራ በላ ልጁ»። ክሊንጎን የሚባለው ቋንቋ የሚሄደው እንዲህ ነው። «ስታር ትሬክ» ፊልም ላይ ከሌላ ዓለም የመጡ ተዋጊዎች ይናገሩታል። የሠራው አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ማርክ ኦክራንድ ነው፤ በ1984 ለወጣው ሦስተኛው ፊልም አዘጋጅቶት በ1985 መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ይህን አሰላለፍ የመረጠው በምድር ቋንቋዎች ዘንድ ብርቅ ስለሆነ ነው፤ እንግዳ እንዲመስል።

ግሡ ላይ ሲደረስ ግን አማርኛ ተናጋሪ ብዙም አይደነግጥም። «አይሃለሁ» ስንል ማን እንዳየም ማን እንደታየም እዚያው አንድ ቃል ውስጥ አለ። ክሊንጎንም እንዲሁ ነው፦ «ሌግ» ማየት ሲሆን «ቃሌግ» አይሃለሁ፣ «ቾሌግ» ደግሞ ታየኛለህ ማለት ነው። ዕብራይስጥ ይህንኑ «አኒ ሮኤ ኦትኻ» ብሎ በሦስት ቃል ይበትነዋል። ልጆቹ «እኔ አያለሁ አንተን» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

አማርኛና ዕብራይስጥ የሚገናኙበት ቦታም አለ። «ልጁን አየሁ» ውስጥ ያለችው «ን» እና የዕብራይስጡ «ኤት» ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚመጡት የታወቀ ነገር ሲሆን ነው። ለዚህ ነው አማርኛ «ልጁን አያቱ አየችው» ብሎ ቢገላበጥም ትርጉሙ የማይጠፋው። ክሊንጎን ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ቦታ ከተቀየረ አይቶ የነበረው ታይቶ ያርፋል!

ከሳቅ አልፎ ቅሬታ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ «አንቱታ»። በተራ የዕብራይስጥ ንግግር አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ለጓደኛም ለሳቭታም «አት» ነው። ስለዚህ ልጁ «ምን ይፈልጋሉ?» ማለት ሲገባው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላል። አያት ልቧ ቅር ይላል፣ እናት ታፍራለች። ልጁ ግን አልተዳፈረም፤ የዕብራይስጡን ሰዋስው ይዞ መምጣቱ ነው። የሚገርመው፣ ክሊንጎን እንኳ ለበላይ ሰው ግሡ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል «ኔስ» የሚባል የአክብሮት ምልክት አለው።

ዳርመንድ ስፒርስ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1990ዎቹ ለልጁ የመጀመሪያ ዓመታት በክሊንጎን ብቻ ያወራለት ነበር። እናቱ የምታናግረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሕፃኑም የአባቱን ቋንቋ ቀስ በቀስ እምቢ አለ። በክሊንጎን የምትጠብቀው አያት አልነበረችውም። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ግን አለች፤ «ሳቭታ፣ ምን ይፈልጋሉ?» እስኪላትም ገና ታርመዋለች።