ከደም የጠፋው ኤችአይቪ የት አለ?

ተረት፦ ቫይራል ሎዱ «አይታይም» የተባለ ሰው ድኗል፤ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል።

እውነታ፦ ምርመራው የሚቆጥረው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ብቻ ነው። ሴል ውስጥ የተሸሸገውን አይነካም። ኤችአይቪ ሲዲ4 የተባለውን ነጭ የደም ሴል ሲይዝ ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ያጋምደዋል። ከተያዙት ሴሎች አብዛኞቹ ቫይረስ ሲያመርቱ ቆይተው በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ያለፈ በሽታን ወደሚያስታውሱ ሴሎች ተለውጠው ያርፋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ተፈጥሯቸው ለዓመታት መኖር ነው። ሴሉ ሲተኛ ቫይረሱም አብሮ ይተኛል። ምንም ስለማያመርት የሰውነት መከላከያ አይለየውም።

በቁጥር ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ካረፉት ሲዲ4 ሴሎች ዳግም ሊነሣ የሚችል ቫይረስ ያለበት ከሚሊዮን አንዱ ገደማ ነው። ችግሩ ዕድሜው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጥምር መድኃኒት ለሁለት ሦስት ዓመት ቢወሰድ ቫይረሱ ያልቃል ብለው ያሰሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ። በ1997 ግን መድኃኒታቸውን በሚገባ ከሚወስዱ ሰዎች የተወሰዱ ሴሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቀሰቀሱ ቫይረሱ ተነሣ። የጆንስ ሆፕኪንሱ ሮበርት ሲሊሲያኖና ባልደረቦቹ ኋላ እንዳሰሉት ይህ የተሸሸገ የቫይረስ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 44 ወር ያህል ይፈጅበታል፤ እስኪያልቅ ከ60 ዓመት በላይ መጠበቅ ሊኖርብን ነው። በዚያ ላይ የተያዘው ሴል ሲባዛ ቫይረሱን ለልጆቹ ያወርሳል።

ተረት፦ መድኃኒቱ ጉልበት ስላነሰው ነው፤ ቶሎ ቢጀመር ወይም ቢጨመርበት ያጠፋዋል።

እውነታ፦ መድኃኒቱ ቫይረሱ ወደ አዲስ ሴል እንዳይዛመት ይከላከላል። ዶሉተግራቪር ለምሳሌ ቫይረሱ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር እንዳይጋመድ ያግዳል፤ አስቀድሞ የተጋመደውን ግን አይነቅልም። ሌላ መድኃኒት መጨመር ይህን አይለውጠውም። ቶሎ መጀመር ክምችቱን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ለዚህ የሚሲሲፒዋን ሕፃን ማስታወስ ይበቃል። በ2010 ተወልዳ በ30 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ጀመረች። ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ሕክምናው ተቋረጠ፤ ከ27 ወራት ያለ መድኃኒት ቆይታ በኋላ፣ ዳነች ተብሎ ዓለም ከተደሰተ ወዲህ፣ በ2014 ቫይረሱ ተመለሰ። አዋቂ ሲያቆም ይህን ያህል እንኳ አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይበቁታል።

ተረት፦ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም።

እውነታ፦ የወቅቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ከፓትርያርኩ በላይ ለመራቀቅ የሚፈልግ ይኖር ይሆን?

ተረት፦ ተደብቆ ካለ በግንኙነት ይተላለፋል።

እውነታ፦ አይተላለፍም። በአውሮፓ በተካሄዱት የፓርትነር ጥናቶች አንዱ ወገን ቫይረሱ ያለበትና ቫይራል ሎዱ የማይታይ ጥንዶች ያለ ኮንዶም በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ግንኙነት አድርገዋል። ከአንዱ አጋር ወደ ሌላው የተላለፈ ኢንፌክሽን ግን አንድም አልተገኘም። ለመተላለፍ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ በቂ ቫይረስ መኖር አለበት፤ የተኛ ሴል ደግሞ አያመርትም። ቫይራል ሎዱ ባይታይም የጣት ደም ፈጣን ምርመራው ግን ፖዘቲቭ ማለቱን አይተውም፤ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነውና።