ቤዝ ጊታሩ ይሸጥ ወይስ ይስተካከል? ቁርጥማት የያዘው እጅና የሰፈራችን ሙዚቃ

ባለፈው ጥር ወር እዚሁ ካኩማ አንድ ውስጥ አንድ የመልስ ዝግጅት ላይ ነበርን፡፡ ጄኔሬተሩ ደህና ይሠራል፣ ኪቦርዱ አለ፣ ድምፃዊው ሞቅ አድርጎታል፣ እስክስታውም ደርቷል፡፡ በመሐል ግን ዘፈኑ ሳያልቅ ከሥር የሚጎትተው ድምፅ ቀጥ አለ፡፡ ብዙዎቻችን ሽቦ የተነቀለ መስሎን ነበር፡፡ ዘወር ብለን ስናይ ጋሼ ቤዝ ጊታራቸውን ወንበር ላይ አጋድመው፣ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል፡፡ ዘፈኑ ያለ ቤዝ ቀጠለ፤ ጨፋሪው ግን ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ቀዘቀዘ፡፡

በማግስቱ በገበያው «ጋሼ ቤዙን ሊሸጡት ነው» የሚል ወሬ ተሰማ፡፡ ወሬው እውነት ነበር፡፡ ከሎድዋር የመጣ አንድ ነጋዴ 12,000 ሽልንግ ሊከፍል ቃል ገብቷል፡፡ እኛም የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ቤታቸው ድረስ ሄድን፡፡ (ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ጋሼ» ብቻ እንላቸዋለን፡፡)

«ኧረ ተዉኝ ልጆች! ቤዝ ማለት ጣት ነው፡፡ ጣቱ እምቢ ካለ እንጨቱ ምን ያደርግልኛል?» አሉን፡፡ ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ «ሌሊት ሌሊት እጁን ይዞ ያቃስታል» ብለው ጨመሩ፡፡ ራሽን በተቀነሰበት በዚህ ጊዜ 12,000 ሽልንግ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፡፡

ነገሩን ያከበደው ግን ሌላ ነው፡፡ ይህ ቤዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲገዛ ግማሹን ዋጋ ጋሼ ከኪሳቸው፣ ግማሹን ደግሞ ከ20 በላይ አባወራዎች አዋጥተው ነው፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ማለት ነው፡፡ ታዲያ የማን ነው? የመሸጥ መብትስ ያለው ማን ነው? ያዋጡት ሰዎች አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ፡፡ አንዳንዱ «ገንዘባችን ነው፣ አይሸጥም» አለ፡፡ አንዲት እናት ግን «ሰውየው እየታመመ ለእኛ ጭፈራ ይጫወት እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ዝም አለ፡፡ በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ተደረሰ፡፡ ሦስት ወር ይሞከር፤ ካልሆነ ይሸጥ፡፡

እኛም በእነዚህ ሦስት ወራት ያየነውንና የተማርነውን፣ ጣቱን ለሚያመው ለማንኛውም ተጫዋች ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል፡፡

መጀመሪያ ሐኪም

እኛ «ቁርጥማት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ አንዱ ዕድሜና ሥራ የመገጣጠሚያውን ልስላሴ ሲጨርሰው የሚመጣ ነው፡፡ ይህ በተለይ የአውራ ጣትን ሥርና የጣት ጫፍ መገጣጠሚያዎችን ያጠቃል፡፡ ሌላው ሰውነት የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፡፡ በዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እጆች ያብጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ግትር ብለው ለመፍታታት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ፡፡ ይህ ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያውን አጣሞ ያስቀራል፤ መድኃኒት ግን አለው፡፡ ስለዚህ እጁ ያበጠ ሰው ጊታሩን ከማስተካከሉ በፊት ክሊኒክ መታየት አለበት፡፡

ከሱቅ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ክኒንን በተመለከተም አደራ እንላለን፡፡ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት በየቀኑ ከተወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፡፡ በዚህ ሙቀት ውኃ በበቂ ሳይጠጡ መዋጥ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል፡፡

ጋሼ ተመርምረው የእሳቸው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም የአውራ ጣት ሥር ሕመም መሆኑ ተነገራቸው፡፡ ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ ሆኖም ጣቱን በልክ ማንቀሳቀስ እንደሚጠቅም፣ ጨምድዶ መያዝ ግን እንደሚያባብሰው ሰሙ፡፡ ከመጫወታቸው በፊት እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፡፡

ቤዝ ለምን ይከብዳል?

የተለመደው ቤዝ ክር ከላይኛው ማረፊያ እስከ ብሪጁ ድረስ 34 ኢንች ወይም 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፡፡ አራቱ ክሮች አንድ ላይ የጊታሩን አንገት የሚጎትቱበት ኃይል ከ70 ኪሎ በላይ ነው፡፡ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጣቶችም በዚህ ላይ መዘርጋት አለባቸው፡፡ አውራ ጣት ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይህን ሁሉ ይቋቋማል፡፡ ለደህና እጅ ምንም አይደለም፤ ለታመመ እጅ ግን ከባድ ሥራ ነው፡፡

እንግዲህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፡፡ ወይ የክሩን ጉልበት መቀነስ፣ ወይ ርቀቱን ማሳጠር፡፡ የሚገርመው ሁለቱንም አንድ ሳንቲም ሳያወጡ መሞከር ይቻላል፡፡

የካላማዳሪያው ዘዴ

አራቱን ክሮች ሙሉ አንድ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ፍሬት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ፡፡ የክር ጉልበት ከድምፁ ድግግሞሽ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በዚህ ብቻ ውጥረቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፡፡ ቀጥሎ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰሩ፡፡ ድምፁ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ክሩ ግን ላላ፣ ርቀቱም አጠረ፡፡ በሌላ አነጋገር ረጅሙን ቤዝ 30 ኢንች ገደማ የሆነ አጭር ቤዝ አደረጋችሁት ማለት ነው፡፡

ለቤዝ የሚሆን ካፖ ካኩማ ከየት ይመጣል? የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ መላ ዘየደ፡፡ የመጥረጊያ እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጠፍጣፋውን በኩል ክሮቹ ላይ አስተኝቶ፣ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ አንገቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ጠመጠመው፡፡ መልኩ አያምርም፤ ሥራውን ግን ሠራ፡፡ ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ሲሞክሩት «እንዴ!» ብለው እጃቸውን አዩት፡፡

ሌሎች ማስተካከያዎች

ክሩ ከፍሬቱ በጣም ከራቀ ጣት ይደክማል፡፡ ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ወይም በካቻቢቴ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፡፡ ክሩ ፍሬቱን እየነካ መንጫረር ሲጀምር መለስ አድርጉት፡፡ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ግን የማያውቅ አይንካው፤ የሚያውቅም ቢሆን ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አያዙር፡፡

ክር ሲገዛ ቀጭኑን ምረጡ፡፡ በእሽጉ ላይ ከ45 እስከ 105 ከሚለው ይልቅ ከ40 እስከ 95 የሚለው ይላላል፡፡ ያረጀ ክር በላብና በአቧራ ሻካራ ሲሆን ፈትቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል በውኃ መቀቀል፣ ከዚያም በደንብ አድርቆ መመለስ ለተወሰነ ጊዜ ሕይወት ይሰጠዋል፡፡

ክብደትም አለ፡፡ የጋሼን ቤዝ በባለሱቁ ሚዛን ስናስመዝነው 4.3 ኪሎ ሆነ፡፡ ባለቤታቸው ከአሮጌ ብርድ ልብስ አንድ ስንዝር ገደማ ስፋት ያለው ማንገቻ ሰፉላቸው፤ በዝግጅት ላይም ቁጭ ብለው መጫወት ጀመሩ፡፡ «ድሮ ቁጭ ብሎ መጫወት ነውር ነበር» ሲሉ ስቀናል፡፡

አጨዋወትም ይስተካከላል፡፡ በአራት ፍሬት ላይ አራት ጣት ከመዘርጋት ይልቅ፣ የትልቁ ቆሞ የሚመታ ቤዝ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት፣ ሦስት ፍሬት ብቻ ይዞ የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት አንድ ላይ መጫን ይቻላል፡፡ ከዚህም በላይ የእኛ ቅኝት ራሱ ያግዛል፡፡ ቤዝ ሲቃኝ ባዶ ክሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ናቸው፡፡ ትዝታ ሜጀር ከጂ ሲነሣ ኖታዎቹ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ እና ኢ ናቸው፡፡ ልብ በሉ! አራቱም ባዶ ክሮች ከውስጡ ናቸው፡፡ ከአምስቱ ኖታ አራቱን ግራ እጅ ሳይነካ ማስጮህ ይቻላል ማለት ነው፡፡ ድምፃዊው ከፍ ይበልልኝ ካለ ካፖው አብሮት ይወጣል፡፡ በመሆኑም ድምፃዊዎቻችን ቁልፍ ሲመርጡ ጋሼን መጠየቅ ለመዱ፡፡

እንዲህ ዓይነት መላ የጋሼ ብቻ አይደለም፡፡ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ እ.ኤ.አ. በ1965 በበርሚንግሃም ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጥቷል፡፡ ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጭን ክር ገጠመ፣ በኋላም ክሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘ፤ ያ ከባድ ድምፁም ዓለም ያወቀው ሆነ፡፡ በ1970ዎቹ የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን ጆቫኒ ሪኮን እያደነቁ ያደጉት ጋሼ ይህን ስንነግራቸው «እኔ እንኳ ጣቶቼ ሙሉ ናቸው» አሉን፡፡

ሽያጩና ግዢው

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ፡፡ አጭር ቤዝ እንደሚረዳቸው በካላማዳሪያው ታውቋል፡፡ ነገር ግን የረጅሙ ክብደት አሁንም ትከሻቸውን ይጫናል፤ ጎማውም በየሳምንቱ ይላላል፡፡ ስለዚህ ያዋጡት ሰዎች ተስማምተው «ረጅሙ ይሸጥ፣ አጭር ይገዛ» ተባለ፡፡

የሎድዋሩ ነጋዴ በ12,000 ቆመ፡፡ እኛ ግን ፎቶውን አንስተን፣ ጉድለቱን ሳንደብቅ (አንድ የድምፅ ቁልፍ ይንጫጫል ብለን) በሚያውቁን ሰዎች በኩል ኤልዶሬትና ናይሮቢ ላክን፡፡ አንድ የቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ቡድን በ17,000 ወሰደው፡፡ ጉድለቱን አስቀድመን ስለተናገርን በኋላ ጭቅጭቅ አልመጣም፡፡ የሚሸጥ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፡፡ የኤምፔሳ መልእክት ሐሰተኛም ሊሆን ስለሚችል፣ ዕቃውን ከማስረከብ በፊት የገዛ ራስን ቀሪ ሂሳብ ማየት ነው፡፡

ለመግዛት ከካምፕ መውጣት ሙቭመንት ፓስ ስለሚጠይቅ፣ ናይሮቢ ያለ አንድ ዘመድ ሄዶ እንዲያይልን አደረግን፡፡ የሰጠነው መመሪያ አጭር ነበር፡፡ «የልብስ ሰፊ ሜትር ያዝ፡፡ ከላይኛው ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ፡፡ 43 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ረጅም ነው፣ ተወው፤ 38 ከሆነ አጭር ነው፡፡ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እይ፤ ከተጣመመ አትግዛ፡፡ ጃኩን ነቅንቀው፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ዋጋ አስቀንስ፡፡ መዝነው፡፡» ሻጩ «ልብስ ልትሰፋ ነው?» ብሎ እንደቀለደበት ነግሮናል፡፡

3.4 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ አጭር ቤዝ በ13,500 ተገኘ፡፡ ክሮቹ ላላ ተደርገው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፤ የጭነቱ 800 ሽልንግ ሆነ፡፡ «ሾርት ስኬል» የሚል የተጻፈበት አዲስ ክር 2,200 ፈጀ፡፡ የረጅሙን ክር ቆርጦ መግጠም ይቀላል ብለው የሚመክሩ ነበሩ፤ ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ሲጠመጠም ሊበጠስ ስለሚችል አልተቀበልነውም፡፡ የቀረው 500 ሽልንግ ቡድኑ ሣጥን ገባ፡፡ ሂሳቡ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ላዋጡት ሁሉ ተነቧል፡፡

ዛሬ እንዴት ነው?

ሁሉም ተስተካክሏል ብንል ዋሸን፡፡ የአጭሩ ቤዝ ወፍራም ክር እንደ ድሮው አያገሳም፤ ጋሼም «የዚያኛው ድምፅ ይናፍቀኛል» ይላሉ፡፡ እጃቸውም አልዳነም፡፡ ደህና በሆኑበት ቀን አራት አምስት ዘፈን ይጫወታሉ፤ በከፋበት ቀን አንድም ላይችሉ ይችላሉ፡፡

ሆኖም ሌላ ነገር መጣ፡፡ አጭሩ ቤዝ ለትንንሽ እጆችም ይመቻል፡፡ አንዲት የ14 ዓመት የጎረቤት ልጅ በካላማዳሪያው ጊዜ ጀምራ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር፡፡ አሁን ጋሼ ሲደክሙ ቤዙን ተቀብላ ትቀጥላለች፡፡ በቅርቡ በነበረ ሰርግ ላይ የሆነውን ስንነግራችሁ፣ ጋሼ ጨርሰው ሲያቀብሏት «ጋሼ፣ ከጂ ነው?» አለቻቸው፡፡ «ከጂ ነው ልጄ፣ ባዶዎቹን ክሮች አትርሺ» ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ፡፡ ቤዙ አልተቋረጠም፤ ጨፋሪውም ዘወር ብሎ አላየም፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ክራርም ይሁን ጊታር፣ የልብስ ስፌት መኪናም ይሁን መዶሻ፣ እጃችሁ አልታዘዝ ያላችሁን መሣሪያ ወደ ገበያ ከመውሰዳችሁ በፊት ለጥቂት ጊዜ አስተካክላችሁ ሞክሩት እንላለን፡፡ መላ ያገኛችሁ ካላችሁም ንገሩን፤ በሚቀጥለው እትማችን እናወጣዋለን፡፡ ሰላም ሰንብቱ፡፡