በድርቅና በወረርሽኝ ጊዜ የመረጃ አሰባሰብ፦ ከመጠለያው መዝገብ ውጭ የሚቀሩ ወገኖች

ድርቅ በአንድ አካባቢ ሲጸና ከእህል እጥረቱ ጋር በሽታ አብሮ እንደሚገባ በዕርዳታ ሥራ የተሠማራ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውነቱ በረኀብ የደከመ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ ሲሰፍር ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ተስቦና ግርሻ በፍጥነት ይዛመታሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ ከየጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ማዕከል የሚተላለፈው ቁጥር ምን ያህል እህል፣ መድኃኒትና ክትባት ወዴት እንደሚላክ ይወስናል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ዕርዳታው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ከዘገየም ዕርዳታው ይዘገያል። ይህ ጽሑፍ መረጃ በአደጋው ወቅትና ከአደጋው በኋላ እንዴት ሊሰበሰብ እንደሚገባ፣ በተለይም ከመዝገብ ውጭ የሚቀሩት ወገኖች እነማን እንደሆኑ ለማስረዳት ይሞክራል።

የሟች ቁጥርና የነዋሪ ቁጥር

የአንድን አደጋ ክብደት ለመለካት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ዘዴ ከ10,000 ሰዎች መካከል በቀን ስንት እንደሚሞቱ ማስላት ነው። ይህ መጠን 1 ሲደርስ ሁኔታው አስቸኳይ አደጋ ይባላል፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ ወሰኑ 2 ነው። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም የሟቾችንም የነዋሪዎችንም ቁጥር ይጠይቃል። ለምሳሌ በአንድ ጣቢያ በቀን 4 ሰዎች ይሞታሉ እንበል። የጣቢያው ነዋሪዎች 20,000 ከሆኑ መጠኑ 2 ይሆናል፤ ይኸውም ከአደጋው ወሰን እጥፍ ነው። ነዋሪዎቹ 80,000 ከሆኑ ግን መጠኑ ከ1 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሟቾችን ቁጥር ብቻ የያዘ ሪፖርት፣ በትክክል ቢቆጠርም እንኳ፣ ለውሳኔ አይበቃም።

ይህ ችግር በአንድ ጣቢያ የተወሰነ አይደለም። በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች ባቀረበው ጥሪ ለተጎዳው ሕዝብ 900,000 ቶን ያህል እህል እንደሚያስፈልግ ገልጾ፣ ማጓጓዝና ማከፋፈል የሚቻለውን በመገመት 450,000 ቶን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ለጋሾች ግን አኃዙን በጥርጣሬ ተመለከቱት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ የሕዝቡ ብዛት 42 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህም ቀደም ሲል ለዕቅድ ይሠራበት ከነበረው ግምት እጅግ የላቀ ነበር። ይሁንና በጦርነቱ ምክንያት በኤርትራና በትግራይ ቆጣሪዎች ያልደረሱባቸው ብዙ ቦታዎች ስለነበሩ የእነዚያ ነዋሪዎች ብዛት በግምት ተሞላ። ረኀቡ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዳንዶቹ ቆጠራውም ያልደረሰባቸው ሆኑ ማለት ነው።

ጣቢያ ሳይደርሱ የሞቱ

የጣቢያ መዝገብ የሚቆጥረው የመጣውን ሰው ነው። ከቤቱ ሳይወጣ የሞተውን፣ በመንገድ የቀረውን አይቆጥርም። ይህን ጉድለት በግልጽ ያሳየው በሶማሌ ክልል በጎዴ ወረዳ በ1992 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ላይ የተካሄደው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በ595 ቤተሰቦች ውስጥ ስለሚገኙ 4,032 ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በመጠየቅ ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት 293 ሰዎች እንደሞቱ አረጋገጡ። የሞቱ መጠን ከ10,000 ሰዎች በቀን 3.2፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ 6.8 ነበር። ከሟቾቹም 77 ከመቶ ያህሉ ያለፉት ከፍተኛው የዕርዳታ ሥራ በሚያዝያና በግንቦት ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ማናቸውም መዝገብ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢያዝ፣ ከአራት ሟቾች ሦስቱን ባላገኘም ነበር።

ይኸው ጥናት ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ከሞቱት 159 ሕፃናት ውስጥ 35ቱ፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ከነበሩት 72 ሟቾች ውስጥም 12ቱ የሞቱት በኩፍኝ፣ ወይም ኩፍኝና የሰውነት መክሳት ተደርበውባቸው ነበር። በመሆኑም አጥኚዎቹ በእንዲህ ያለ አደጋ ጊዜ የኩፍኝ ክትባት ከሕፃናት አልፎ እስከ 12 እና 15 ዓመት ላሉ ልጆች እንዲሰጥ አሳሰቡ። የሟቾች ዕድሜ በየክፍሉ ተለይቶ ባይመዘገብ ኖሮ ከ5 ዓመት በላይ ያሉት ልጆች ጉዳት ባልታወቀም ነበር። በቅጹ ላይ ያለች አንዲት የዕድሜ ዓምድ ማን ክትባት እንደሚያገኝ እስከ መወሰን ትደርሳለች።

ሰው ለምን ይሰወራል?

መረጃ ሰብሳቢው እውነቱን የሚያገኘው ተጠያቂው እውነቱን በመናገሩ የማይጎዳ ሲሆን ነው፤ እውነት መናገር የሚያስከትለው ጉዳት ካለ እውነቱ ይሰወራል። አንዲት እናት የልጇን ሞት ብትናገር የቤተሰቡ ራሽን የሚቀነስባት ከሆነ ሞቱን ሸሽጋ በሌሊት ልትቀብረው ትችላለች። እንዲህ ሲሆን ሟቹ ከመዝገብ ይጠፋል፤ የነዋሪውም ቁጥር ያላግባብ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የሞቱም መጠን በሁለት ወገን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሞትን የሚመዘግበው ሠራተኛ ራሽን ከሚያድለው የተለየ ሊሆን ይገባል፤ ሞት ስለ ተነገረም የቤተሰቡ ድርሻ ወዲያው ሊቀነስ አይገባም።

ከዚህ የከፋው ስጋት መዝገቡ ለሌላ ጉዳይ ይውላል የሚለው ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሰሜንና ከመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍሩ ያለፈቃዳቸው የተወሰዱ ብዙዎች ነበሩ። ይህ ወሬ በተሰማባቸው ቦታዎች የተራቡ ሰዎች ሳይቀሩ ከማደያ ጣቢያዎች ርቀዋል። የራቀ ሰው እህልም ክትባትም አያገኝም፤ በቁጥርም ውስጥ አይገባም። ለዕርዳታ የተጻፈ ስም ለዕርዳታ ብቻ እንደሚውል ሕዝቡ ሊነገረው፣ በተግባርም ሊያየው ይገባል።

አደጋው ካለፈ በኋላ

ብዙ ጊዜ ጣቢያው ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ይዘጋል። ነገር ግን ወደ ቀዬው የሚመለሰው ወይም ወደ አዲስ ሠፈር የሚሄደው ቤተሰብ አደጋውን ይዞ ይሄዳል። ከደጋ ወጥቶ በቆላ የሚሰፍር ሰው ወባን ለመቋቋም ሰውነቱ አልተዘጋጀም። የሕፃኑ የክትባት ካርድ በጣቢያው ከቀረም በአዲሱ ቦታ ሥራው ከመጀመሪያው ይነሣል። ስለዚህ የጤና ካርዱ ከባለቤቱ ጋር መሄድ፣ የጣቢያው መዝገብም ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ መተላለፍ አለበት።

የሞት ምዝገባ ባልዳበረበት ሀገር ሕዝቡ ራሱ የሚይዘው መረጃ ትልቅ ረዳት ነው። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የተካሄደው የቀብር ምዝገባ የኤድስን ጉዳት ለመለካት፣ ኋላም በመድኃኒቱ መስፋፋት ምክንያት የሞቱን መቀነስ ለማሳየት አስችሏል። የልደትና የሞት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ እድሮች፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊድ አገልጋዮች፣ የአካባቢ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሊናቅ አይገባም።

እንግዲህ የወረዳ ባለሥልጣናትና የዕርዳታ ሠራተኞች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው። ምዝገባው ሕዝቡ ቤቱን ለቆ ከመውጣቱ በፊት በየቀበሌው ይጀመር። የሟቾች ቁጥር ሁልጊዜ ከነዋሪዎች ቁጥር፣ ከዕድሜና ከቀን ጋር ይላክ። ግምት ከሆነ ግምት መሆኑ ይጻፍ። አደጋው ሲያልፍም ከቤት ወደ ቤት ተዙሮ ያልተቆጠሩት ይጠየቁ። የሞተውን መቁጠር ሟቹን አይመልሰውም፤ የሚቀጥለው የእህልና የክትባት ጭነት ግን ከሞት ቀድሞ እንዲደርስ ያደርጋል።