ከሞዴሉ በፊት አፈሩ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። መቀመጫነት ቢሮ ይጠይቃል፣ ቢሮውም ፎቅ። ፎቁ ስለሚያርፍበት ምድር ግን ብዙም አይወራም። ከቦንጋ አንስቶ በጨና ወረዳ እስከምትገኘው ዋጫ ድረስ ያለው አገር በአብዛኛው ጥልቅ ቀይ ሸክላማ አፈር ለብሷል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ለረጅም ዘመን አለቱን እዚያው ባለበት እያበሰበሰ ያስቀረው አፈር ነው። የመበስበሱ ጥልቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በአንዱ የሕንጻ ጥግ አለቱ ቅርብ ሆኖ በሌላው ሊርቅ ይችላል።

እዚህ አፈር ውስጥ የሚተከል ፓይል (ወደ ምድር ጠልቆ የሚገባ የመሠረት ምሰሶ) ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰምጥ ለመገመት ዛሬ የኮምፒውተር ሞዴል አለ። ሞዴሉ አፈሩንና ፓይሉን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች አድርጎ እያንዳንዱ በሸክሙ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ያሰላል። ስሌቱ ግን የሚታመነው የተሰጠው የአፈር ጥንካሬ የሚታመን ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ የሚመታው ቱቦ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ እስኪገባ ስንት ምት እንደፈጀ በመቁጠር ነው። ምቱን ወደ ጥንካሬ የሚቀይሩት ቀመሮች በአብዛኛው የተወለዱት በሌላ አገር፣ ውኃ ባነጠፈው አሸዋና ደለል ላይ ነው። ለዚህ ቀይ አፈር ሳይፈተሹ መዋሳቸው ትልቁ ስጋቴ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ምስክር አላት። መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚያው አገር የሳሱሙዋ ግድብ ሲጽፍ፣ በተለመደው የላቦራቶሪ ምደባ መጥፎ የሚመስለው ቀይ ሸክላ በሥራው ላይ ጥሩ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ምክንያቱ ሃሎይሳይት የተባለው ማዕድንና ቅንጣቶቹ እጅብ እጅብ ብለው መያያዛቸው ነበር። እንዲህ ያለ አፈር በምድጃ ሲደርቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ናሙናው ሲታሸም ተፈጥሯዊው ትስስር ይፈርሳል። ስለዚህ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ሊመጣ ይችላል፦ ወይ ያለ አግባብ ብረትና ሲሚንቶ እንቀብራለን፣ ወይም ሸክሙ ትስስሩን ሲሰብር ያልጠበቅነው ስምጠት ይመጣል።

አንድ ፓይል በሸክም ተፈትኖ ካለፈ ምን ቀረ የሚል መሐንዲስ ይኖራል። ፈተናው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ያልቃል፣ ውኃ ከሸክላ ተጨምቆ ለመውጣት ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ ፓይሎች በአንድነት ሲሸከሙ ጫናቸው አንዱ ብቻውን ከሚደርስበት እጅግ ጠልቆ ይወርዳል። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ባለ 58 ፎቁ ሚሌኒየም ታወር ፓይሎቹ አለት ሳይደርሱ አሸዋ ላይ ቆመው ነበር፤ ከሥር ያለው ሸክላ ተጨምቆ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ሕንጻው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ፣ ዘመመም።

በንድፍ ላይ የሚጨመረው የደኅንነት ማባዣ ይበቃል የሚለው ክርክርም አያሳምነኝም። ማባዣው መሠረቱ እንዳይከዳ ይጠብቃል፤ አንዱ ዓምድ ከሌላው በልጦ እንዳይሰምጥ ግን ዋስትና አይሰጥም። መሐንዲሶቹ ስኬምፕተንና ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጥናት መሠረት ግድግዳ መሰንጠቅ የሚጀምረው የስምጠት ልዩነቱ በዓምዶቹ መካከል ካለው ርቀት 1/300 ሲደርስ ነው። በስድስት ሜትር ርቀት በቆሙ ዓምዶች መካከል ይህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ወጪውስ? ዋጫ ላይ ለሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ፓይል ላያስፈልግ ይችላል፤ እሱንም የሚነግረን ቁፋሮው ነው። ረጅም ለሆነው የመንግሥት ሕንጻ ግን ያልታሸ ናሙና፣ የፓይል የሸክም ፈተናና በዓምዶቹ ላይ የሚተከሉ የስምጠት መለኪያ ምልክቶች በውሉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ምልክቶቹን ሕንጻው ሲሠራና ካለቀም በኋላ ለዓመታት ማንበብ የሚጠይቀው የቀያሽ ሌቭልና መዝገብ ነው። ንባቡ ለቦንጋና ለጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ቢደርስ፣ ተማሪዎች ከተለካው ስምጠት ወደ ኋላ አስልተው የአፈሩን እውነተኛ ጥንካሬ ሊያወጡ ይችላሉ። ቀጣዩ ሞዴልም ከተዋሰው ቀመር ይልቅ ከዚህ ቁጥር ይነሳል።