ከእንጅባራ አስመጪ መሆን፦ የሚወራውና እውነታው

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ሱቅ ከፍቶ ጥቂት ዓመት የነገደ ወጣት አንድ ቀን ራሱን መጠየቁ አይቀርም፦ ዕቃውን ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ከምገዛ ራሴ ለምን አላስመጣም? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር ነው። ግማሹ ተስፋ ያስቆርጠዋል፤ ግማሹ ደግሞ ያጠራቀማትን ገንዘብ ገደል ይከትበታል።

«ሚሊዮን ብር ከሌለህ ፈቃድ አይሰጥህም»

ፈቃዱ እንዲህ አያስፈራም። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። ከዚያም በላይ፣ ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ የነበረውን ማኅበር ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ሊያቋቁም ይችላል። በግል ነጋዴነት መመዝገብም ይቻላል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ምዝገባውና ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ይመራል። ሰው ወረቀቱን ይፈራል፣ ወረቀቱ ግን በቀናት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሊፈራ የሚገባው ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው።

«ቻይና 10 ዶላር ነው፣ እዚህ በ30 ይሸጣል፤ ትርፉ እጥፍ ድርብ ነው»

ከሚወራው ሁሉ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው።

ጉምሩክ ቀረጥ የሚያስበው ሻጩ በነገረን ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ሒሳብ ተደምሮ በሚገኘው ላይ ነው። ይህ ድምር 100,000 ብር ሆነ እንበል፤ ዕቃው ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ከሚከፈልባቸው ወገን ይሁን። ቀረጡ 35,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) 15 በመቶው የሚታሰበው በ100,000 ላይ ሳይሆን በ135,000 ላይ ስለሆነ 20,250 ብር ይመጣል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ እስካሁን በተደመረው በ155,250 ብር ላይ ነው፤ 15,525 ብር። በተጨማሪም በመጀመሪያው 100,000 ላይ የሚታሰብ፣ በቅድሚያ የሚያዝ 3 በመቶ የገቢ ግብር አለ፤ 3,000 ብር። የእነዚህ የአራቱ ድምር 73,775 ብር ነው። ዕቃው ኤክሳይስ ታክስ ያለበት ከሆነ ከዚህም ይከብዳል። የባንክ ኮሚሽን፣ የትራንዚተር (የጉምሩክ አስፈጻሚ) ክፍያ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚቆጠረው የመጋዘን ኪራይና ሌሎች ክፍያዎች ገና አልተነኩም።

ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ሁሉም ጠፍቶ የሚቀር አይደለም። የቫት ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴ 20,250ውን ሲሸጥ ከሚሰበስበው ቫት ላይ ያቀናንሳል። 3,000ውም በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን፣ ማለትም 50,525 ብር፣ የዕቃው ዋጋ ሆኖ ይቀራል። የሚመለሰውም ቢሆን ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በእጅ መገኘት አለበት። በትንሽ ካፒታል የጀመሩ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ያላቸውን ብር ሁሉ ለሻጩ ይልኩና ዕቃው ደርሶ ቀረጥ መክፈያ ያጣሉ። ወደቡ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል። በእኔ እምነት ጀማሪ ካለው ገንዘብ ግማሹን እንኳን ለሻጩ መላክ የለበትም።

ለአዊ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲያ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ እንጅባራ ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ለበዓል የታሰበ ዕቃ ከበዓል በኋላ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው።

«ደረሰኙን ዝቅ አድርጎ ይላክልኝ፤ ቀረጡ ይቀንሳል»

ይህን ምክር የሚሰጡት ሰዎች ሁለተኛውን ጉዳት አይናገሩም። መጀመሪያ ነገር፣ ጉምሩክ የቀረበለትን ዋጋ ካላመነበት ተመሳሳይ ዕቃ በገባበት ዋጋ ይተምነዋል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ቢያልፍ እንኳን በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሕጋዊ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ዕቃው በእውነተኛ ዋጋው ሲሸጥ ልዩነቱ በሙሉ ትርፍ ይባላል። በትርፉ ላይ ማኅበር 30 በመቶ፣ ግለሰብ ነጋዴ እስከ 35 በመቶ ግብር ይከፍላል። ላላተረፉት ትርፍ ግብር መክፈል ማለት ነው።

«ከውጭ የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀረጥ አለው»

የለውም። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የታሪፍ ቁጥር አለው፤ ቀረጡ ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይለያያል። ለአዊ ዞን ትልቁ ዕድል ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ ዕቃዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ ፈቅዷል። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ አካባቢ ገበሬው ከጓሮው ጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ያለማል፤ ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የተለያዩ የውሃ መሳቢያዎችን፣ የፀሐይ ፓምፕን ጨምሮ፣ የሞከረው እዚያው ነው። የእንጅባራ ዙሪያ ድንች አምራችም መርጫ ይፈልጋል። የዳንግላ ነጋዴ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ገበሬው ገንዘብ የሚይዝበት ወር የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው ፓምፕ በአንድ ክረምት ተበላሽቶ እንደተጣለ ያውቃል። የአዲስ አበባው አስመጪ ይህን አያውቅም። ከሺህ ዓይነት የሞባይል ሽፋን ይልቅ አንድ ፓምፕ ከነመለዋወጫው ማምጣት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ዝርዝሩና ነፃ መብቱ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ሻጩ ከመከፈሉ በፊት የታሪፍ ቁጥሩን ይዞ ከጉምሩክ ወይም ከታመነ ትራንዚተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ጨርሶ የተከለከለም አለ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት አይፈቀድም። መድኃኒትና የታሸገ ምግብ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይሻሉ።

«ዶላር ከጥቁር ገበያ ካልሆነ አይገኝም»

ለዓመታት ለትንሽ ነጋዴ እውነት ይመስል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ለቀቀ፤ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተከልክለው የነበሩ 38 የዕቃ ዓይነቶችም ተፈቀዱ። ወረፋው ቀለለ፣ ዋጋው ግን ከበደ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 100,000 ብር 1,750 ዶላር ያህል ይገዛ ነበር፤ ዶላር 100 ብር ካለፈ ወዲህ 1,000ም አይሞላም። ቀረጡም የሚሰላው በብር ስለሆነ አብሮ አድጓል።

ዱባይ ወይም ሳዑዲ ያለ ዘመድ ይክፈልልኝ የሚለውም መንገድ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው፣ ያለ አገር ውስጥ ባንክ ክፍያ ዕቃ የማስገባት አሠራር፣ በመመሪያ የተገደበ ነው። የባንክ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ (ፐርሚት) የሌለው የንግድ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ይቆማል። ዘመድ የሚጠቅመው በሌላ ነው፦ ሻጩ በእርግጥ መኖሩን ሄዶ እንዲያይ፣ ናሙና ፈትሾ እንዲልክ። ክፍያው በባንክ ይሁን።

«ሱዳን ቅርባችን ነው፤ በድንበር ንግድ እናስገባለን»

ዳንግላ ከሱዳን ጋር የቆየ ትስስር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች፤ የአባይንና የጣናን አካባቢ ያጠናው ሜጀር ቺስማን ቆንስል ሆኖ የኖረው እዚያ ነው። ዛሬ ግን የድንበር ንግድ መብት የተሰጠው በድንበሩ አካባቢ ለሚኖሩ ነዋሪዎች ነው። አዊ በምዕራብ የሚዋሰነው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጋር እንጂ ከሱዳን ጋር አይደለም።

«ኮንቴነር ካልሞላሁ አያዋጣም»

ሦስትና አራት ነጋዴዎች ዕቃቸውን በአንድ ኮንቴነር ሊጋሩ ይችላሉ። ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የአንዱ ዕቃ ወረቀት ሲጎድል የሁሉም ዕቃ አብሮ ይቆማልና። ገበያውን ገና ያልፈተነ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ካለው አስመጪ በደረሰኝ እየገዛ አከፋፋይ ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ የእርሻ ወቅት ሙሉ የሸጠውን መዝግቦ የያዘ ነጋዴ፣ ምን ያህል ማዘዝ እንዳለበት ማንንም አይጠይቅም።

በመጨረሻም፣ ማሽን የሚፈልገው ለመሸጥ ሳይሆን ለራሱ ሥራ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ እንጅባራ ላይ ቀርከሃ እየሠራ መሰንጠቂያ የሚሻ፣ አስመጪ መሆን አይጠበቅበትም። የልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ አለ፤ አሠራሩም ተበዳሪው 20 በመቶውን አዋጥቶ ባንኩ 80 በመቶውን የሚሸፍንበት ነው። በክልሉ ደግሞ ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ማሽን በኪራይ ግዢ ያቀርባል። ማሽኑን ገዝቶ የሚያቀርበው አበዳሪው ነው፤ ሠሪው በየጊዜው እየከፈለ በመጨረሻ የራሱ ያደርገዋል።