የመጋዘን ድመት ስትቆስል

የእህል መጋዘን ያለው ማኅበር ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ድመት ሳይኖረው አይቀርም። እኛ የሰብል ሰዎች እንደ መሆናችን፣ ስለ ነቀዝና ስለ አይጥ እንጂ ስለ ድመት ቁስል እንጽፋለን ብለን አላሰብንም ነበር። ለዚህ ያበቃን የራሳችን ስሕተት ነው።

በአንድ ማኅበር መጋዘን ስለ እህል አቀማመጥ ልናስረዳ በሄድንበት ጊዜ ጠባቂው ትከሻዋ ያበጠ ድመት አሳየን። እኛም ለበሬ ቁስል የምናውቀውን ክሪዮሊን በውሃ በጥብጦ እንዲያጥባት መከርነው። ድመቷ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አድራ ሞተች። በኋላ የእንስሳት ሐኪም ስንጠይቅ እንደ ተረዳነው፣ ክሪዮሊን ውስጥ ያሉትን ፌኖል መሰል ነገሮች የድመት ጉበት እንደ ሌሎች እንስሳት ማስወገድ አይችልም፤ ድመት ደግሞ የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች። በተመሳሳይ ምክንያት ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞል አንድ ፍሬው እንኳ ድመትን ሊገድል ስለሚችል፣ ለሕመም ማስታገሻ ብሎ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ለእህል የሚነሰነሰውን የነቀዝ መድኃኒትም ዝንብ እንዳያርፍበት በማለት ቁስል ላይ የሚያደርጉ አሉ፤ ይህም መርዝ ነው።

የዚያች ድመት እብጠት የንክሻ ነበር። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለ ሆነ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው። ላዩ ቶሎ ይደፈንና ከጥርሱ ጋር የገባው ተሕዋስ ውስጥ ይቀራል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ መግል ይቋጥራል። ጸጉሩ ስለሚሸፍነው በዓይን አይታይም። ስለዚህ ድመቷ ምግብ ከተወች፣ ከተደበቀች ወይም ካነከሰች ገላዋን በእጅ እየዳሰሱ ትኩሳትና እብጠት ያለበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ለማከም ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ቁስሉ ብቻ እንዲታይ አድርጎ በወፍራም ጨርቅ ወይም በጆንያ ጠቅልሎ ይይዛታል፤ ሌላው በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጸጉር በመቀስ ይከረክማል። ከዚያም ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮና አቀዝቅዞ፣ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ቁስሉን ደጋግሞ ማጠብ ነው። ስሪንጅ ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ እየነከሩ ማንጠብጠብ ይቻላል። እብጠቱ ራሱ ከፈነዳ መግሉ እስኪያልቅ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። የንክሻ ቁስል አይሰፋም፤ ጥብቅ ተደርጎም አይታሰርም፤ መግሉ መውጫ ያጣልና። ያልፈነዳውን በምላጭ ከመቅደድ ይልቅ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያህል በቀን ሦስት ጊዜ መያዝና ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ይሻላል። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ቢያስፈልግ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ለከብት ከተገዛው ላይ በግምት ቀንሶ መውጋት አይገባም። ትል የወጣበትም ቁስል እንዲሁ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ከሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ማን ነከሳት? ነካሹ የማይታወቅ ውሻ ወይም ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ድመቷን በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። በር ዘግቶ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጠጠችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ሰው የነከሰችውን ድመት ቸኩሎ መግደል አይገባም፤ ተዘግቶባት 10 ቀን ትታያለች።

ወንዱን ድመት ማኮላሸት ጠብን በጣም ይቀንሳል። ክትባቱንም ሐኪሙ ለውሻ ክትባት በሚመጣበት ቀን አብሮ ማስከተብ ይቻላል። የመጋዘኑን የቆርቆሮ ጠርዝ ማጠፍና የወጣውን ምስማር መምታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳሙና፣ ጨው፣ ስሪንጅና ንጹሕ ጨርቅ በአንድ ሳጥን ተደርገው ከፀረ ተባይ መድኃኒቶች ርቀው በጠባቂው ክፍል ይቀመጡ።