አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይፈርስም!

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጃፓን ውስጥ ስለሚገኝ አንድ የሣር ቤት መንደር ነው። አዎ፣ ጃፓን! መኪናና ሮቦት የሚሠሩት ጃፓኖች ሣር ቤትም አላቸው፤ ያውም ከብዙ አገር ሰው እየመጣ የሚያየው።

መንደሩ ኦጊማቺ ይባላል። ሺራካዋ-ጎ በሚባል ተራራማ አካባቢ፣ ሾ በተባለ ወንዝ ዳር ነው ያለው። በብርዱ ወራት በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ይቆለላል። እኛ አገር እንደሚዘንበው ወዲያው የሚቀልጥ በረዶ እንዳይመስላችሁ፤ ለሳምንታት መሬቱን ሸፍኖ የሚተኛ ነው። ጣራቸው ዝርግ ቢሆን ኖሮ ቤቱን ይጫነው ነበር። ስለዚህ በጣም ቀጥ አድርገው ይሠሩታል፤ 60 ዲግሪ ገደማ (ፕሮትራክተር ያላችሁ ለክታችሁ እዩት)። ለጸሎት የተጋጠሙ ሁለት እጆች ይመስላል፤ የቤቱ ስም “ጋሾ-ዙኩሪ” የተባለውም ለዚሁ ነው።

የጣራው እንጨቶች በገመድና በለጋ እንጨት ይታሰራሉ እንጂ በምስማር አይመቱም። ከጣራው ሥር ያለው ሰፊ ቆጥ ድሮ የሐር ትል ይረባበት ነበር። ታች ደግሞ ምድጃ አለ፤ ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ ሣሩን ከተባይና ከእርጥበት ይጠብቀዋል። የገጠር ቤት የምታውቁ ልጆች፣ የአያቶቻችን ቤት ጣራ ለምን በጥላሸት እንደሚጠቁር ካሁን በኋላ ስታዩት ይገባችኋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የሣር ክዳን ያረጃል። እዚያ በየ30 እና 40 ዓመቱ ይቀየራል። ጣራው ግን ግዙፍ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልክደነው ቢል አይችልም። ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ? “ዩኢ” የሚባል ልማድ አላቸው። ይህ ቃል እኛ ጋ ሲመጣ ደቦ ከሚባል ይልቅ ወንፈል ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፤ ወንፈል ግን ብድር አለበት፤ ዛሬ ላንተ የሠራሁትን ነገ ለእኔ ትሠራለህ ማለት ነው። ዩኢም እንደዚሁ ነው። ማን ስንት ሰው እንደላከ፣ ማን ሣር፣ ማን ገመድ እንዳመጣ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። አባት የተበደረውን ጉልበት ልጅ ሊከፍለው ይችላል፤ ክዳኑ የሚቆየው 30 ዓመት ነዋ!

ቀኑ ሲደርስ ከመቶ በላይ ሰው ይሰበሰብና አንዱን የጣራ ጎን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ጣራው ላይ ሰው ተደርድሮ እንደ ጉንዳን ይታያል። አንዱ ሣር ያቀብላል፣ ሌላው ያነጥፋል፣ ሌላው ያስራል። ከውጭ ያለው ሰው ገመድ የተሰካበትን ረጅም የእንጨት መርፌ በሣሩ ውስጥ አሳልፎ ይወጋል፤ ቆጡ ላይ ያለው ተቀብሎ እንጨቱን አዙሮ ይመልስለታል። ልክ እንደ ልብስ ስፌት! ሴቶቹ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው ምግብ ያሰናዳሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1961 (እንደ ፈረንጆች) ከመንደሩ በላይ ሚቦሮ የሚባል ትልቅ ግድብ ተሠርቶ እዚያ የነበሩ መንደሮች ውኃ ዋጣቸው። ሌሎችም ቤታቸውን እየሸጡ ወደ ከተማ ሄዱ። አንዳንዱ ቤት ተነቅሎ ተወስዶ ከተማ ውስጥ ሬስቶራንት ሆነ። ወይ ጉድ አትሉም!

የኦጊማቺ ሰዎች በ1971 ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን እርሻውን፣ ዛፉንና በዙሪያው ያለውን ተፈጥሮ ጭምር ሊጠብቁ። ሦስት ሕግም አወጡ፦ አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይፈርስም። መንግሥት መንደሩን ጥብቅ ቅርስ ያለው በ1976፣ ዩኔስኮ ደግሞ ጎካያማ ውስጥ ካሉ ሁለት መንደሮች ጋር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1995 ነው። ዓመቶቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ቀድሞ የተነሣው ሕዝቡ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የራስህን ቤት መሸጥ ወይም እንደፈለግህ አፍርሰህ መሥራት አትችልም ማለት እኮ ከባድ ነው፤ እኔ ብሆን እሺ እል እንደሆነ አላውቅም። ጎብኚውም በጣም በዝቶባቸዋል። ዛሬ ሁሉም ክዳን በዩኢ አይሠራም፤ ሰው ስላነሰ ብዙውን የሚሠሩት የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ወጪም መንግሥት ይሸፍናል። ዩኢ ግን ፈጽሞ አልቀረም።

ከሁሉ በላይ የሚፈሩት እሳትን ነው። አንድ ቤት ከተያያዘ መንደሩ በሙሉ ያልቃል። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ተራ ገብተው እየዞሩ “እሳት ተጠንቀቁ” ይላሉ። በየዓመቱ በመከር ወቅትም ውኃ የሚረጩትን መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ላይ ከፍተው ይለማመዳሉ፤ ያን ጊዜ መንደሩ በውኃ ፏፏቴ የተሸፈነ ይመስላል። መሣሪያዎቹ የተቀመጡባቸው ሳጥኖችም ቀጥ ያለ ጣራ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ተደርገው ነው የተሠሩት!